118 ለ 110 ሰዉን አናደደ፤ አቻውን ያመጣው ግን ሌላ ካርድ ነበር

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2017 (በዚህ ጽሑፍ ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ፣ አዲስ አበባ እሑድ ማለዳ። ቦክሰኞቹ ሳውል «ካኔሎ» አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን በቲ-ሞባይል አሬና 12 ዙር ተፋልመው ጨረሱና የሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ካርድ ተነበበ። አደሌድ በርድ 118 ለ 110 ለካኔሎ። ዴቭ ሞሬቲ 115 ለ 113 ለጎሎቭኪን። ዶን ትሬላ 114 ለ 114። አንድ ድምፅ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ፣ አንድ እኩል፤ ውጤቱ አቻ ሆነ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹም ባለቤታቸው ጎሎቭኪን ዘንድ ቀሩ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የቦክስ ወዳጅ ሁሉ የተረባረበው በበርድ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ መጥፎ መሆኑን መከራከር አያስፈልግም፤ ለጎሎቭኪን የሰጠችው 4ኛውንና 7ኛውን ዙር ብቻ ነበር። ግን አቻውን ያመጣው የእሷ ካርድ ነው የሚለው ሒሳቡን ሳይሠራ የተወራ ነው።

በቦክስ አንድ ካርድ አንድ ድምፅ ነው። ልዩነቱ 2 ነጥብም ይሁን 8 ነጥብ፣ ድምፁ ያው አንድ ነው። የበርድን 118 ለ 110 ወደ 115 ለ 113 ብናወርደው ለካኔሎ የተሰጠ ድምፅነቱ አይለወጥም፣ ፍልሚያውም አቻ ነው። አራት ዙር ነጥቀን ለጎሎቭኪን ብንሰጠው ካርዷ 114 ለ 114 ይሆናል፤ ሁለት እኩል ካርድና አንድ ለጎሎቭኪን፣ ይህም በደንቡ አቻ ነው። ውጤቱ የሚገለበጠው አምስተኛውን ዙር ስንነጥቃት ነው።

ከትሬላ ካርድ ላይ ግን አንድ ዙር ይበቃል። ትሬላ 7ኛውን ዙር ለካኔሎ ሰጥቷል። ያን ዙር ሞሬቲም፣ ራሷ በርድም ለጎሎቭኪን ነው የሰጡት። ትሬላ እንደ ሁለቱ ቢያደርግ ካርዱ 115 ለ 113 ለጎሎቭኪን ይሆን ነበር፣ ጎሎቭኪንም በተከፋፈለ ድምፅ አሸንፎ ይወርድ ነበር። ከ36ቱ የዙር ውሳኔዎች (12 ዙር በሦስት ዳኛ) ውጤቱን ለብቻቸው የመለወጥ አቅም የነበራቸው የትሬላ ብቻ ነበሩ፣ ይህም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ሰዉ ግን እስካሁን የሚጮኸው ስለ ሌላው ነው።

የተቀራረበ ውጤት ላይ የሚነሳ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ድምሩ ይጨቃጨቃል፤ ዳኛው ግን ድምር አልሰጠም። የሰጠው 12 የተለያዩ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ፍርዶችን ነው።

ካርዱ እንዴት ይሞላል

አንድ ዙር 3 ደቂቃ ነው፣ በሁለት ዙሮች መካከል 1 ደቂቃ እረፍት አለ። ደወሉ ሲደወል ዳኛው ለዙሩ አሸናፊ 10፣ ለተሸናፊው 9 ይጽፋል። በጥቂቱም ያሸንፍ በሰፊው፣ የወደቀ ሰው ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ 10 ለ 9 ነው። ወረቀቱ በዙሩ መጨረሻ ይሰበሰባል፤ ዳኛው ተመልሶ «ያኔ አጥብቄበታለሁ» ብሎ ማካካስ አይችልም፣ ቢያካክስም ጥፋት ነው። 10 ለ 10 መጻፍ በደንቡ ባይከለከልም ዳኞች እንዲሸሹት ይመከራሉ፤ ስለዚህ በጸጉር ስንጥቅ የተለየ ዙርም አሸናፊ ይወጣለታል።

ከዚህ የሚመጡትን ቁጥሮች በቃል መያዝ ይጠቅማል። ማንም ካልወደቀና ነጥብ ካልተቀነሰ፣ 6 ለ 6 ዙር ማለት 114 ለ 114 ነው። 7 ለ 5 ማለት 115 ለ 113፣ 8 ለ 4 ማለት 116 ለ 112፣ 9 ለ 3 ማለት 117 ለ 111፣ 10 ለ 2 ማለት 118 ለ 110። አንድ ዙር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ልዩነቱ በ2 ነጥብ ይንቀሳቀሳል። ሦስት አጠራጣሪ ዙሮች በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ 114 ለ 114 የነበረው 117 ለ 111 ይሆናል። «አንዱ ዳኛ እኩል ብሎ ሌላው እንዴት 117 ይሰጣል?» ለሚለው ቁጣ መልሱ ይኸው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ከ12 ዙር በ9ኙ ተስማምተው ሊሆን ይችላል።

ተፋላሚ ሲወድቅ ዙሩ ወደ 10 ለ 8 ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ለ 7። የሪንጉ ዳኛ (ሪንጉ ውስጥ ሆኖ ፍልሚያውን የሚመራው) በጥፋት የሚቀንሰው ነጥብ ደግሞ ከዚህ ላይ ተጨማሪ ነው። መውደቅ ሲባል ግን መሬት መንካት ብቻ አይደለም፤ ተመትቶ የተንገዳገደውን ሰው ገመዱ ብቻ ከያዘው፣ የሪንጉ ዳኛ እንደ ወደቀ ቆጥሮ 8 ድረስ ሊቆጥርበት ይችላል።

ይህች አንቀጽ የከባድ ሚዛኑን ዘውድ ወስናለች። ሜይ 18 ቀን 2024 ሪያድ ላይ (ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳንጨነቅ ያየነው ፍልሚያ) ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ9ኛው ዙር ታይሰን ፊዩሪን ከገመድ ገመድ አላተመው። የሪንጉ ዳኛ ማርክ ኔልሰን ገመዱ ነው የያዘው ብሎ ቆጠረ። ካርዶቹ 115 ለ 112 ለኡሲክ፣ 114 ለ 113 ለፊዩሪ፣ 114 ለ 113 ለኡሲክ ሆኑ። አሁን ቆጠራውን አውጥተን 9ኛውን ዙር ተራ 10 ለ 9 እናድርገው። የመጀመሪያው 115 ለ 113 ለኡሲክ፣ ሁለተኛው 115 ለ 113 ለፊዩሪ፣ ሦስተኛው ግን 114 ለ 114። አንድ፣ አንድ፣ እኩል፤ አቻ። ከሌኖክስ ሉዊስ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን ፍጹም ሻምፒዮን (ዋና ዋናዎቹን ቀበቶዎች ሁሉ የያዘ) የተገኘው በአንዲት የቆጠራ ነጥብ ነው። ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ፊዩሪ በራሱ እግር አልቆመም ነበር።

የውጤቱን ስያሜም እግረ መንገዳችንን እንያዝ። ሦስቱም ለአንድ ሰው ከሰጡ በሙሉ ድምፅ፣ ሁለቱ ሰጥተው ሦስተኛው እኩል ካለ በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱ ለአንዱ ሦስተኛው ለሌላው ከሰጠ በተከፋፈለ ድምፅ ይባላል። አቻም እንዲሁ ዓይነት አለው። የ2017ቱ የተከፋፈለ ድምፅ አቻ ነበር።

ሁለት ሐቀኛ ሰዎች ለምን ይለያያሉ

ዳኛው የሚያየው አራት ነገር ነው፦ ንጹህ ቡጢ፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠር፣ መከላከል። በተግባር የመጀመሪያው ከሁሉም ይመዝናል። ንጹህ የሚባለው በጓንቱ የጣት አንጓ በኩል አርፎ፣ ጭንቅላትን ከፊትና ከጎን ወይም አካልን ከቀበቶ በላይ ያገኘ ቡጢ ነው። ክንድ ላይ፣ ጓንት ላይ፣ ትከሻ ላይ ያረፈ አይቆጠርም። ተመልካቹ የሚጮኸው ግን ለእሱም ነው፤ በተለይ የሰዉ ወዳጅ የሆነው ልጅ ከሰነዘረው።

«ውጤት ያለው» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ወደፊት መሄድ ብቻውን ነጥብ የለውም። ወደፊት እየሄደ የሚስት፣ እየገባ ቡጢ የሚቀበል ሰው እያጠቃ አይደለም፣ እየተጠቃ ነው። የካኔሎና የጎሎቭኪን የመጀመሪያ ፍልሚያ ሰውን የከፈለው እዚህ ላይ ነበር። ጎሎቭኪን ሪንጉን እያጠበበ ካኔሎን ወደ ገመዱ ሲገፋው፣ ካኔሎ ደግሞ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ብዙውን አስቶ በአጭር ሁክ (ከጎን የሚመጣ ቡጢ) እና በአፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቡጢ) ይመልስ ነበር። ግፊቱን የሚያደንቅ አንዱን፣ ማሳቱንና የመልስ ቡጢውን የሚያደንቅ ሌላውን አየ። ሁለቱም አልዋሹም። ብቻ ያ አሠራር ካኔሎን ለ3 ደቂቃ ሙሉ አላቆየውም፤ ብዙ ዙር ላይ ትንፋሽ ሲሰበስብ የጎሎቭኪንን ጃብ (በፊት እጅ የሚላክ ቀጥተኛ ቡጢ) ይበላ ነበር፣ ስለዚህም ነው የዚያን ዕለቱ ሚዛን ወደ ጎሎቭኪን ያጋደለ የሚመስለኝ።

ዳኞቹ የሚቀመጡት በሪንጉ ሦስት የተለያዩ ጎኖች ነው። የአንድ ተፋላሚ ጀርባ ወደ አንተ ሲዞር፣ በደረቱና በሆዱ ላይ የሚያርፈውን አታይም፤ ራሱ ወደ ኋላ ሲወረወር ብቻ ትገምታለህ። የሪንጉ ዳኛ መሀል ይገባል፣ የኮርነር ምሰሶ ይጋርዳል። በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ካሜራው ስለሚዞርለት ይህ ችግር የለበትም፤ የእሱ ችግር ሌላ ነው። የኮሜንታተሩ ድምፅ አለ፣ በዙሮች መካከል የሚደጋገመው የተመረጠ ምስል አለ፣ ቻናሉ በስክሪን ላይ የሚያወጣው የራሱ ሰው ካርድ አለ። ሦስቱም ሳያውቀው ይመሩታል። ከዚያ ደግሞ የዙሩ ማብቂያ አለ፤ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የተበለጠ ተፋላሚ በመጨረሻው 30 ሰከንድ ቡጢ አዥጎድጉዶ ዙሩን «ይሰርቃል»። ይህን ጥበብ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ አሳምሮ ያውቅበት ነበር።

ስለ ቡጢ ቆጠራው ጥቂት ቆም እንበል፣ ክርክር ሁሉ መጨረሻው እሱ ላይ ስለሆነ። ኮምፒዩቦክስ የሚባለው አሠራር ማሽን የሚያየው አይደለም። ሁለት ሰዎች ከሪንጉ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተፋላሚ ይከታተላሉ፣ ያረፈ ጃብ፣ የሳተ ጃብ፣ ያረፈ ከባድ ቡጢ፣ የሳተ ከባድ ቡጢ እያሉ ቁልፍ ይጫናሉ። ጥሩ ግምት ነው፤ ግምት ግን ነው። በዚያ ምሽት ለጎሎቭኪን ከ703 ሰንዝሮ 218 አሳረፈ፣ ለካኔሎ ከ505 ሰንዝሮ 169 አሳረፈ ብለው መዘገቡ። «218 ከ169 ይበልጣል፣ በቃ» የሚለው ክርክር ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ዳኛው በዙር እንጂ በድምር አይፈርድም።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። አንዱ ተፋላሚ በ4 ዙር ውስጥ በየዙሩ 25 ለ 10 ቢያሳርፍ፣ በቀሪዎቹ 8 ዙሮች ግን 12 ለ 14 ቢበለጥ፣ በድምሩ 196 ለ 152 መርቷል። በካርድ ግን 8 ለ 4 ተሸንፏል፣ 116 ለ 112፣ ያውም በሙሉ ድምፅ ቢሆን አያስገርምም። የምት ክብደትም በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ አፍንጫን ነካ ያደረገ ጃብና ጉልበት ያንቀጠቀጠ ሁክ እኩል አንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ ቆጠራውን የምትጠቅስ ከሆነ የዙሩን ጥቀስ።

ልዩነቱ ከገደብ ሲያልፍ ግን ድምሩም ይናገራል። ማርች 13 ቀን 1999 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሌኖክስ ሉዊስ 348፣ ኢቫንደር ሆሊፊልድ 130 አሳረፉ ተብሎ ውጤቱ አቻ ወጣ። አንደኛዋ ዳኛ ዩጂንያ ዊሊያምስ 115 ለ 113 ለሆሊፊልድ ሰጥታ ነበር፤ ሉዊስ ሆሊፊልድን ገመድ ላይ አስጠግቶ የደበደበበትን 5ኛውን ዙር ጭምር። ይህ የአመለካከት ልዩነት የሚባል አይደለም።

ራስህ ነጥብ ስትይዝ

ከፍልሚያው በኋላ በስሜት ከመከራከር በፊት የራስን ካርድ መያዝ ይሻላል፣ እሱም ሥርዓት አለው። ድምፁን ዝጋ። ወረቀት ላይ 12 መስመር አስምር። ደወሉ ሲደወል፣ የድጋሚ ምስሉ ሳይጀምር፣ 10 ለ 9 ጻፍ፤ ከጻፍህ በኋላ አትሰርዝ። ከጎኑ አንድ ምልክት ጨምር፦ «ግልጽ» ወይም «አጠራጣሪ»። አጠራጣሪ ማለት ሌላ ሐቀኛ ሰው ተቃራኒውን ቢሰጥ የማትገረምበት ዙር ነው። ድምሩን እስከ 12ኛው ዙር መጨረሻ አትደምር፤ «እኩል ናቸው» ብለህ ካወቅህ 12ኛውን ዙር የምታይበት ዓይን ይለወጣል።

አሁን ዋናው ሥራ። ግልጽ ዙሮቹ ለአንዱ 5፣ ለሌላው 3 ናቸው፣ 4ቱ አጠራጣሪ ናቸው እንበል። አጠራጣሪዎቹ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ቢሄዱ 9 ለ 3፣ 117 ለ 111 ይሆናል። ሁሉም ወደ ሁለተኛው ቢሄዱ 7 ለ 5፣ 115 ለ 113 ለእሱ። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የወጣ ካርድ ሁሉ፣ ባትስማማበትም፣ ሊከበር የሚገባው ካርድ ነው። «ዘረፋ» የሚለውን ቃል ከጫፎቹ ውጪ ለወጣው ማቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የራሱ ድምር ትክክለኛው እንደሆነ፣ ከእሱ 2 ነጥብ የራቀ ሁሉ ጉቦ የበላ እንደሆነ ስለሚያስብ ነው።

ይህን መስፈሪያ ወደ 2017 እንመልሰው። ሦስቱም ዳኞች የመጨረሻዎቹን 3 ዙሮች ለካኔሎ ሰጥተዋል፤ በዚያ ላይ ጠብ የለም። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በመጀመሪያዎቹ 9 ዙሮች ላይ ነው። ከ9ኙ ሞሬቲ ለካኔሎ የሰጠው 2፣ ትሬላ 3፣ በርድ 7። በሞሬቲና በትሬላ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዙር ነው፣ የትኛውም ምሽት ላይ የሚያጋጥም። 7 ግን ከእነሱ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ አይገባም። በርድ ጥፋተኛ ናት፤ ግን በውጤቱ ሳይሆን በካርዷ። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ቦክስ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የዚያን ጊዜ ሥራ አስፈጻሚ ቦብ ቤኔትም ከዚያ በኋላ ከትላልቅ ፍልሚያዎች ለጊዜው እረፍት እንደምትወስድ ተናግሯል።

ውጤት ይሻራል?

በኔቫዳ ደንብ፣ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ከሚሻረው በቀር፣ ውጤት የሚቀየረው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ውጤቱን የነካ የተንኮል ስምምነት ከተገኘ፣ የካርዶቹ ድምር በስህተት ተደምሮ ለተሳሳተው ሰው ተሰጥቶ ከሆነ፣ ወይም የሪንጉ ዳኛ ደንብ አዛብቶ ተርጉሞ ከሆነ። «ዳኛው ሌላ ነገር አየ» የሚለው ከሦስቱ አንዱ አይደለም። የፊርማ ማሰባሰቢያ፣ ስሎው ሞሽን ቪዲዮ፣ የኮሜንታተር ምስክርነት ምንም አያመጡም።

ጁን 9 ቀን 2012 ቲሞቲ ብራድሊ ማኒ ፓኪያዎን በተከፋፈለ ድምፅ አሸነፈ ተብሎ ዓለም ሲጮህ፣ ቀበቶውን የሚሰጠው ደብሊው ቢ ኦ አምስት ዳኞች ሰብስቦ ፍልሚያውን በቪዲዮ አስገመገመ። አምስቱም ለፓኪያዎ ሰጡ። ውጤቱ ግን ያው የብራድሊ ነው፣ ዛሬም በመዝገብ ላይ ድል ተብሎ ይነበባል። ግምገማው ሊሰጥ የሚችለው የዳግም ፍልሚያ ማበረታቻ ብቻ ነበር፤ ፍልሚያውም የተካሄደው ኤፕሪል 12 ቀን 2014 ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ፓኪያዎ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ።

ዳግም ፍልሚያው የማን ነው

«ይሄ ድጋሚ መደረግ አለበት» ማለት ቀላል ነው። የሚደረገው ግን ስለ ተቀራረበ አይደለም፤ በውል ስለ ተጻፈ ወይም ገንዘብ ስላለው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከፍልሚያው በፊት በተፈረመው ውል ውስጥ የዳግም ፍልሚያ አንቀጽ ነበረ ወይ? ካለ፣ መብቱ የማን ነው? ለአንዱ ብቻ (ብዙውን ጊዜ ለሻምፒዮኑ ወይም ትልቅ ስም ላለው) ሊሆን ይችላል፣ ለተሸነፈው ማንም ይሁን ማን ሊሆን ይችላል። ጥሩ አንቀጽ መብቱ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንደሚጠየቅ፣ ፍልሚያው እስከ መቼ መደረግ እንዳለበት፣ ክብደቱን፣ አገሩን፣ የክፍያ ድርሻውንና በመካከል ሌላ ፍልሚያ ይፈቀድ እንደሆነ ይናገራል። አቻን የረሳ አንቀጽ ደግሞ አለ፤ «የተሸነፈው ወገን» ብቻ ብሎ የጻፈ ውል አቻ ሲወጣ ማንንም አያስገድድም።

የተጻፈ መብት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በፊዩሪና በዲዎንቴይ ዋይልደር ታይቷል። የመጀመሪያው ፍልሚያቸው ዲሴምበር 1 ቀን 2018 አቻ ወጣ፤ ሁለተኛውን ፊዩሪ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ በ7ኛው ዙር ጨረሰ። ተመልካቹ ነገሩ አለቀ ብሎ የፊዩሪንና የአንቶኒ ጆሹዋን ፍልሚያ ይጠብቅ ነበር፣ ቀኑም ኦገስት 14 ቀን 2021 በሳዑዲ ተብሎ ነበር። ዋይልደር ግን የሦስተኛ ፍልሚያ መብት አለኝ ብሎ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዶ ነበር፤ ሜይ 2021 ላይ ገላጋይ ዳኛው ፈረዱለት። የጆሹዋ ፍልሚያ በዚያው ፈረሰ። ሦስተኛው ኦክቶበር 9 ላይ ተደርጎ ፊዩሪ በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ማንም ያልጠየቀው ፍልሚያ ሁሉም የጠየቀውን አስቀረ፤ በነገራችን ላይ ከዓመቱ ምርጥ ፍልሚያዎች አንዱ ሆኖ አረፈው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቀበቶ ሰጪዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ድርጅት ሻምፒዮኑ በተራው መግጠም ያለበት ግዴታ ተፋላሚ አለው፣ ዳግም ፍልሚያ ደግሞ ተራውን ያዘገያል። አይ ቢ ኤፍ በዚህ ላይ ከሁሉም ጥብቅ ነው። ኡሲክ ፊዩሪን ባሸነፈ በአንድ ወር ገደማ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ለቀቀ፤ ስለዚህ ዲሴምበር 21 ቀን 2024 የተደረገው ዳግም ፍልሚያ (ኡሲክ በሦስቱም ካርድ 116 ለ 112) የአራቱም ዋና ዋና ቀበቶዎች አልነበረም። ጎሎቭኪንም ያንኑ ጽዋ ጠጥቷል፤ ከካኔሎ ጋር የሚያደርገውን ሲጠብቅ የግዴታ ተፋላሚውን ሰርጊይ ዴሬቪያንቼንኮን አልገጠምክም ተብሎ በ2018 ይኸው ቀበቶ ተነጠቀ።

የካኔሎና የጎሎቭኪን ሁለተኛ ፍልሚያ ላይ ነገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ተከምሮ ነበር። ቀጠሮው ሜይ 5 ቀን 2018 ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ በካኔሎ ምርመራ ክሌንቡቴሮል የተባለው የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ የእሱ ወገን በሜክሲኮ የተበከለ ሥጋ ነው አለ። የኔቫዳ ኮሚሽን ከፌብሩዋሪ 17 የሚታሰብ የ6 ወር እገዳ ጣለበት። ጎሎቭኪን ቀኑን ባዶ አልተወውም፣ ቫነስ ማርቲሮስያንን በ2ኛው ዙር ጥሎ ተመለሰ። ከዚያ ድርድሩ እንደገና ተጀመረ፣ አሁን ግን ጎሎቭኪን የበለጠ ድርሻ ጠየቀ፤ ቀጠሮውን ያፈረሰው የዚያኛው ወገን ስለሆነ ጉልበት አግኝቶ ነበርና ተሻሽሎ ተሰጠው። ድርድር ላይ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ በካርድ የተበለጠው ወይም የበለጠው አይደለም፤ ትቶ መሄድ የሚችለው ነው።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2018 ሲገናኙ ካኔሎ ገመዱን ትቶ የሪንጉን መሀል ያዘ። ወደ ኋላ እየሄደ ጃብ የሚወረውረው ይህን ጊዜ ጎሎቭኪን ሆነ። ኮምፒዩቦክስ አሁንም ለጎሎቭኪን ብልጫ ቆጠረ፣ 234 ለ 202፤ ካርዶቹ ግን 115 ለ 113፣ 115 ለ 113 ለካኔሎና 114 ለ 114 ሆኑ። በአብላጫ ድምፅ ካኔሎ። እንደገና ተጮኸ፣ በዚህኛው ግን ከጫፍ ውጪ የወጣ ካርድ አልነበረም። ዳግም ፍልሚያ ክርክር ይዘጋል የሚል ካለ ይህን ይይ። አርቱር ቤተርቢየቭና ዲሚትሪ ቢቮልም እንዲሁ ናቸው፤ ኦክቶበር 12 ቀን 2024 ቤተርቢየቭ በ114 ለ 114፣ 115 ለ 113፣ 116 ለ 112 አሸነፈ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ቢቮል በእነዚያው ሦስት ቁጥሮች መለሰለት። ከ24 ዙር በኋላ የታወቀው እኩያ መሆናቸው ብቻ ነው።

ስለ ዳግም ፍልሚያ ሲወራ የሚዘነጋው ዕድሜ ነው። በ2017 ጎሎቭኪን 35 ዓመቱ፣ ካኔሎ 27 ነበር። እያንዳንዱ የዘገየ ወር አንዱን ሲያበስል ሌላውን ያስረጅ ነበር። ስለዚህ የተቀራረበ ውጤት ከወጣ በኋላ መጠየቅ ያለበት «ማን ይፈልገዋል?» ብቻ ሳይሆን «ማን መጠበቅ ይችላል?» የሚለውም ነው። ወጣቱ ወገን በክፍያ፣ በክብደት፣ በቀን እያለ ድርድሩን ቢያስረዝም አይከስርም። ሦስተኛው ፍልሚያ የተደረገው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2022 ነው፣ ከሁለተኛው አራት ዓመት ቆይቶ፣ በካኔሎ ክብደት በ168 ፓውንድ (76.2 ኪሎ)፣ ጎሎቭኪን በ160 የኖረ ሰው ሆኖ። ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ቀዝቀዝ ብሎ ገብቶ ወደ ማብቂያው ተነቃቃ፤ ሦስቱም ካርዶች፣ 116 ለ 112ና ሁለት 115 ለ 113፣ ለካኔሎ ወጡ።